በግቢዬ ብተኩስ ማንን ምን አገባው?

«መሣሪያው የኔ፣ ጥይቱ የኔ፣ ግቢው የኔ፤ ታዲያ ማንን ምን አገባው?» ይህን የሚል ሰው በፎገራ ሜዳ ብርቅ አይደለም። ልጁን የሚድር አባት ይለዋል፣ የወንድሙን አስከሬን በፉከራ የሚሸኝም ይለዋል፣ ማሳውን ሲጠብቅ የሚያድር ገበሬም ይለዋል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ልጆቹ ደጅ የሚውሉ፣ ላሞቹ በጓሮ የታሰሩ፣ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ልጆቹን እየቆጠረ ወደ ቤት የሚያስገባ ጎረቤት አለ። ሁለቱም የሚሉት እውነት አለው። እውነታቸው ግን እኩል አይመዝንም። ለምን እንደማይመዝን ለመረዳት ሜዳውን፣ ጥይቱንና ሕጉን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ከባለመሣሪያው እንጀምር። ፎገራ ያለችበት ደቡብ ጎንደር ጠመንጃ ከሰው ክብር ጋር ተሳስሮ የኖረበት አገር ነው። ከፎገራዋ ከተማ ከወረታ በስተ ምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ ውጅግራው፣ አልቤኑ፣ ምንሽሩና ቤልጅጉ በየዘመናቸው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ኖረዋል፤ ዛሬ ቦታቸውን በብዛት የያዘው ክላሽ ነው። ገበሬው መሣሪያ የሚይዘው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ፎገራ በስሟ የሚጠራ የከብት ዝርያ ያላት፣ ሩዝና ሽንኩርት የምታመርት ወረዳ ናት። የሚሰረቅ በሬ አለ፣ የሚዘረፍ ምርት አለ፣ ሌሊት ቢጣራ ፖሊስ ቶሎ የማይደርስለት ጎጥም አለ። ስለዚህ «መሣሪያህን ጣል» ብሎ ነገሩን መዝጋት የዚህን ሰው ኑሮ አለማወቅ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያ መያዝና መተኮስ ለየቅል ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ጎረቤትን አይነካም፤ ሌባም ካለ መኖሩን ሰምቶ ይርቃል። ለደስታ፣ ለሐዘን ወይም ለሙከራ ቃታ ሲሳብ ግን ነገሩ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል፤ የሚወጣውም ወዲያው ነው።

የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት እጥፍ ስለሚሆን፣ መንገዱ ላይ ያለ ሰው ተኩሱን ከመስማቱ በፊት ይመታል። ግማሽ ሄክታር የሚሆን ግቢ አለኝ የሚል ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር ሰባ ሜትር ቢሆንለት፣ ጥይቱ ያንን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ አቋርጦ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ በሰው ይዞታ ላይ የሚደረግ ጉዞ ነው። የመሣሪያው ወታደራዊ መመሪያ እንደሚለው ጥይቱ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ የመግደል ኃይሉን ይዞ ይጓዛል፤ የሚወድቅበት የመጨረሻው ርቀት ደግሞ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ብዙ ተኳሾች ክላሽ የሚመታው ሦስትና አራት መቶ ሜትር ነው ይላሉ። እሱ አልሞ ለመምታት የሚያስችለው ርቀት ነው፤ ጥይቱ የሚቆምበት አይደለም።

እስቲ ይህን በፎገራ እናስላው። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ የወረዳው ነዋሪ ከ228 ሺህ በላይ ነበር፤ በአማካይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ200 ሰው በላይ ይኖራል ማለት ነው። አንድ ሰው ግቢው መሐል ቆሞ ወደየትኛውም አቅጣጫ ሊተኩስ ቢችል፣ ጥይቱ ሊያርፍበት የሚችለው ክብ ወደ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በዚያ አማካይ ሒሳብ ክቡ ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ ሰው አለ። ከ1999 ወዲህ ደግሞ የሰዉ ቁጥር ጨምሯል። አንዷ ጥይት የምትወድቀው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ያ ቦታ የት እንደሆነ ግን ተኳሹ አያውቅም። ክርክሩም የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የት እንደሚያርፍ በማያውቀው ነገር ላይ «የኔ ጉዳይ ነው» ማለት አይችልም።

ፎገራ ላይ ይህ ከሌላ አገር የሚከፋበት ምክንያት አለ። ሜዳው ከጣና ዳር ተነሥቶ በርብና በጉማራ ወንዞች ግራና ቀኝ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ጥይቱን የሚቀበልለት ገደል ወይም ጉብታ ከቤቱ ጀርባ ሊኖረው ይችላል። ሜዳው መሐል ያለ ሰው ይህ የለውም። ሰው ቁመት ላይ አግድም የተተኮሰ ጥይት ከማሳ ማሳ፣ ከጎጥ ጎጥ እየተሻገረ የሚሄድበት ሰፊ ክፍት ቦታ አለ። በክረምት ደግሞ ውኃ ይጨመርበታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የሩዙ ማሳ ውኃ ተኝቶበት ይከርማል። ዝቅ ብሎ የመጣ ጥይት የውኃ ገጽ ሲመታ ሰጥሞ ይቀራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ማዕዘኑ ጠባብ ከሆነ ነጥሮ ይነሣና አቅጣጫውን ቀይሮ ይቀጥላል። ደረቅ መሬትና ድንጋይም እንዲሁ ያነጥሩታል። የነጠረ ጥይት ወዴት እንደሚሄድ ልምድ ያለው ወታደር እንኳ አስቀድሞ መናገር አይችልም።

ግድግዳ ያድናል የሚልም አለ። የቆርቆሮ ጣሪያና በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ ለነፋስና ለዝናብ ነው የተሠሩት፤ የጠመንጃ ጥይት ያልፋቸዋል። ጥይት ለማቆም ወፍራም የታጨቀ አፈር ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ የጦር ሜዳ ምሽግ ለምን በአፈር እንደሚሞላ ማየት ይበቃል።

«እኔ ወደ ሰማይ ነው የምተኩሰው» የሚለው መልስ ከሁሉም ይበልጥ የተለመደው ነው፤ ብዙ ሰውም ከልቡ ያምንበታል። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ይመለሳል። ሙሽራው ዳስ ሲገባ የተኮሰ ሰው መሣሪያውን አውርዶ ጠላ ሲቀበል ጥይቱ ገና አየር ላይ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበሩት ጁልያን ሃቸር ፍሎሪዳ ውስጥ ውኃ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ሲመለስ ፍጥነቱ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል እንደሆነ ደርሰውበታል። ሲወጣ ከነበረው በጣም ያነሰ ነው፤ ቆዳን ለመብሳት ግን ይበቃል፤ የሕፃን ጭንቅላት ላይ ቢያርፍ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ያም ቢሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለተተኮሰው ነው። በሆታ መሐል፣ እየጨፈረ፣ በአንድ እጁ የሚተኩስ ሰው አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ ሊይዝ አይችልም። ጥይቱ በሰያፍ ይወጣል፤ በሰያፍ የወጣ ጥይት ደግሞ ቀጥ ብሎ ከወጣው የበለጠ ፍጥነት ይዞ ሩቅ ሄዶ ያርፋል።

በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል የሠሩ ሐኪሞች ከ1985 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከሰማይ በወረደ ጥይት ተመትተው የመጡ 118 ሰዎችን መዝግበዋል። 38ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተመቱት ጭንቅላታቸውን ነው፤ ከላይ የሚመጣ ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ። በፖርቶ ሪኮ ደግሞ የ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ ዓመት ሲገባ በደስታ ተኩስ 19 ሰው ተጎድቶ አንዱ ሞቷል። በአሪዞና ግዛት በ1999 እ.ኤ.አ. አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በገዛ ግቢዋ ቆማ ማን እንደተኮሰው ባልታወቀ ጥይት ሞተች፤ ወላጆቿ ተከራክረው በከተማ ክልል ውስጥ በግዴለሽነት መተኮስን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በስሟ እንዲወጣ አደረጉ። ይህች ልጅም ግቢዋ ውስጥ ነበረች። በግቢ ውስጥ ያለ መብት ከተነሣ የእሷም መብት መነሣት አለበት።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት የተሰጠ መብት አይደለም፤ በፈቃድ የሚሰጥ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በአንጻሩ በሕይወት የመኖር መብትና የአካል ደኅንነት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፈዋል። መሬቱም ቢሆን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው። ይህ መብት ጠንካራ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ሆኖም ሙሉ ባለሀብት የሆነ ሰው እንኳ በግቢው ያሻውን ማድረግ እንደማይችል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ደንግጓል። ባለሀብት ጎረቤቱን ሊያውክ ወይም ሊጎዳ አይችልም፤ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን እንዳያልፉ ያዝዛል።

የዚሁ አንቀጽ መጨረሻ ሊጤን ይገባዋል፤ የአካባቢው ልማድ፣ የመሬቱ አቀማመጥና የተፈጥሮ ሁኔታ ከግምት እንዲገቡ ይላል። ባለመሣሪያው «ልማዳችን ነው» ብሎ ወደዚህ ሊሸሽ ይችላል። ለድምፁ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ ሊያስኬደው ይችላል፤ በሰርግ ቀን ከበሮውን፣ እልልታውንና የሌሊቱን ጭፈራ ጎረቤት ይታገሣል፣ ነገ ደግሞ ተራው የራሱ ነው። ለአደጋው ግን አያስኬደውም። ልማድ ጫጫታን ቀላል ሊያደርግ ይችላል እንጂ የጥይትን ጉልበት አይቀንስም። ሕጉ ከልማድ ቀጥሎ የመሬቱን አቀማመጥ መጥራቱም ፎገራ ላይ የሚፈርደው ለጎረቤት ነው፤ አቀማመጡ ሜዳ ነውና።

ጉዳት ከደረሰ በኋላስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2067 መሠረት በሥራው በሌላ ሰው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይጠየቃል። «ሆን ብዬ አይደለም» የሚለው ቃል ከካሳ አያድንም። በወንጀል ሕጉ ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ይዳኛል። መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሆኖም አድራጊው ግልጽ የሆነ ደንብ አውቆ ጥሶ ከሆነ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ራሱን በመጠጥ አስቶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ይሆናል። ሰርግ ቤት ጠጥቶ የሚተኩስ ሰው ሊገባበት የሚችለው በዚህኛው ነው። ማንም ሳይመታ እንኳ፣ አውቆ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ያጋለጠ ሰው በአንቀጽ 571 ሊጠየቅ ይችላል።

ስለ ማሳ ጥበቃ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የገበሬው ችግር እውነተኛ ነው። ከጣና የሚወጣ ጉማሬ በአንድ ሌሊት የደረሰ ሰብል ይረመርማል፤ የወፍ መንጋም ሩዙን ያራቁታል። ገበሬው ማማ ሠርቶ የሚያድረው ወዶ አይደለም። ሆኖም የፎገራ የሩዝ ማሳዎች ተያይዘው የተዘረጉ ናቸው፤ በአንዱ ጫፍ የሚጠብቅ ሰው ካለ በሌላው ጫፍም የሚጠብቅ አለ። በጨለማ ኮሽታ ሰምቶ ወደ ኮሽታው መተኮስ ማለት፣ ውኃ ሊመልስ ወይም ወገቡን ሊያፍታታ የተነሣውን ጎረቤት ላይ መተኮስ ሊሆን ይችላል። ወፍን ደግሞ በጥይት መጠበቅ ጥይት ማባከን ነው። ወንጭፍና ጅራፍ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው፤ የጅራፍ ጩኸት ሩቅ ይሰማል፣ ማንንም አይገድልም። ለትልልቅ አራዊት ተራ ገብቶ በጋራ መጠበቅ፣ እሳት ማንደድ፣ ቆርቆሮ መደብደብ ይሻላል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደንም ቢሆን በሕግ ያስጠይቃል፤ ሸሸርና ወለላ የሚባሉት የፎገራ ረግረጎች በበጋ ከሩቅ አገር የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች የሚቆዩባቸው በመሆናቸው፣ በዚያ አካባቢ የሚተኮስ ጥይት ጉዳቱ ለሰው ብቻ አይደለም።

ቤቱን ሌባ ወይም ወንበዴ ቢከበውስ? ይህ ሌላ ነገር ነው። የወንጀል ሕጉ ራስንና ሌላን ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን በአንቀጽ 78 ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ የመጣ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ከሆነ፣ ሌላ ማምለጫ ከሌለና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ከሆነ። ለዚህ የተያዘ መሣሪያ ጎረቤትንም ይጠብቃል። ችግሩ እዚህም ከደስታ ተኩስ ጋር ይገናኛል፤ በሰርግና በተዝካር ሁሉ የሚተኮስበት ጎጥ የእርዳታ ጥሪ ተኩስ ሲሰማ «ሰርግ ይሆናል» ብሎ ተኝቶ ያድራል።

በዚህ ላይ የዘመኑ ሁኔታ አለ። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የተኩስ ድምፅ የሚያመጣው ፍርሃት ሌላ ሆኗል። ሰርጉን የማያውቅ የታጠቀ ኃይል ተኩሱን ጥቃት አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ መልስ ሲመጣ ደግሞ የሚመጣው በተኳሹ ላይ ብቻ አይደለም። ያረገዘች ሴት፣ ልጅ የሞተባት እናት፣ ከጦርነት ቦታ ሸሽቶ የመጣ ዘመድ እያንዳንዷን ጥይት እንዴት እንደሚሰሙ ማሰብም ጉርብትና ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ከጥይቱ በኋላ የሚመጣው ነው። በአገራችን ሳይታሰብ የፈሰሰ ደምም ደም ነው። ፍርድ ቤት ቸልተኝነት ነው ቢል የሟች ወንድም ልብ ያንን ላይቀበል ይችላል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ገዳይ ቤቱን ጥሎ ይሰደዳል፤ ማሳው ጾሙን ያድራል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ሁለት ቤት በአንድ የደስታ ጥይት ይፈርሳል፤ አንዳንዴም ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ታዲያ ጎረቤት ምን ያድርግ? ከሰርጉ በፊት መናገር ከተተኮሰ በኋላ ከመጣላት ይሻላል። «አያ፣ ደስታችሁ ደስታችን ነው፤ እኛም መጥተን እንጨፍራለን። ልጆች ደጅ ስለሚውሉ ተኩሱን ብቻ ይተዉልን» ብሎ በትሕትና የቀረበን ሰው የሚያሳፍር አባት ጥቂት ነው። ብቻውን መናገር የከበደው ደግሞ የሁለቱን ቤት የሚያውቅ ሽማግሌ ይላክ። ያ ካልሰራ የቀበሌ ሚሊሻና ፖሊስ አሉ፤ ሄዶ ማመልከት ጎረቤትን መክዳት አይደለም።

ባለሰርጉ በበኩሉ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። እንግዳ ሲጠራ «በኛ ሰርግ አይተኮስም» ብሎ አብሮ መናገር፤ መሣሪያ ይዞ የመጣ እንግዳ ካለ ካርታውን አውጥቶ፣ በርሜሉ ባዶ መሆኑን አሳይቶ፣ መጠጥ በማይቀምስ ኃላፊነት ባለው ሰው እጅ እንዲያስቀምጥ ማድረግ፤ ፉከራው ሲግል በሽመልና በጎራዴ እንዲሆን ማሳሰብ። ፉከራ ክብሩ በቃሉና በፉካሪው ወኔ ነው፤ ያለ ጥይት የሚፎክር ሰው ከዚያ የተነሣ አያንስም። መሣሪያውን መሞከር የሚፈልግም ከቤቱ ጀርባ ሳይሆን ለመንግሥት አካል አሳውቆ፣ ጥይቱን የሚቀበል ወፍራም የአፈር ግንብ ወይም ኮረብታ ባለበት ቦታ ይሞክር፤ ሜዳው መሐል ይህን የሚያሟላ ግቢ ማግኘት ከባድ ነው።

ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርገው በእድር ነው። ፖሊስ በየሰርጉ ሊቆም አይችልም፤ እድር ግን በየሰርጉና በየለቅሶው አለ። ድንኳኑና ሳህኑ የሱ ነው፤ ሰዉም ቃሉን ይፈራል። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ «በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በክርስትና የተኮሰ አባል ይቀጣል፤ የእድሩ ዕቃም አይሰጠውም» የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨመር፣ አንድ ሰው ብቻውን «ፈሪ» ተብሎ ይታማል የሚለው ስጋት ይቀራል፤ ደንብ ሆኖ ሁሉንም ይይዛልና። የፎገራ እድሮች የጥር ሰርግ ሳይደርስ፣ ሩዙ ተወቅቶ ሰው ፋታ በሚያገኝበት በታኅሣሥ፣ ይህን አጀንዳ ይዘው እንዲሰበሰቡ እጠይቃለሁ። ይህን የምታነቡ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ አንሡት።